በቀቀናችን አንዳንዴ ይነክሰናል፤ እንስጠው ወይስ እናቆየው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ጎረቤቶቻችን ወደ ሌላ ስቴት ሲዛወሩ ግራጫ በቀቀናቸውን ሰጡን። ስሙ ኪኪ ነው፣ 9 ዓመቱ። ያወራል፣ ያፏጫል፣ የስልካችንን ጥሪ ሳይቀር ያስመስላል። ባለቤቴን በጣም ይወዳል። እኔንና የ10 ዓመት ልጄን ግን አንዳንዴ ይነክሰናል። ከማርች ወዲህ ደግሞ ብሶበታል። ልጄ ጀርባውን ስታሻሸው ዝም ብሎ ይቆይና ድንገት ዞሮ ይነክሳታል። ባለፈው ቅዳሜ ቡና ሳፈላ ትከሻዬ ላይ ነበር። ባለቤቴ ከውጭ ሲገባ ጆሮዬን ነክሶ አደማኝ። ሁላችንም ጮኽን። አንዱ "ምንቃሩን መታ መታ አድርጊው" ይለኛል፣ ሌላው "በጓንት ያዢው" ይላል። ዘመድ ሁሉ "አስወጪው" ነው የሚለው። ልጄ ደግሞ "ይሄዳል" ሲባል ስትሰማ ታለቅሳለች። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ዓይንሽን አተረፈልሽ። የጆሮ ቁስል ይድናል። ከምክር ሁሉ አስቀድሜ አንድ ነገር ልለምንሽ። ከዛሬ ጀምሮ ኪኪ ትከሻ ላይ አይውጣ። ያንቺም፣ የልጅሽም፣ የሚወደው የባለቤትሽም ትከሻ ላይ። ትከሻሽ ላይ የተቀመጠ ወፍ ፊቱ አይታይሽም። ፊቱን ካላየሽ ሊነክስሽ መሆኑን የምታውቂበት መንገድ የለም። ምንቃሩ ከዓይንሽ ያለው ርቀት ደግሞ ሁለት ሦስት ጣት ቢሆን ነው።

ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በወራጅ ውሃ ካጠብሽው ደግ አድርገሻል። ብዙ ሰው በቀቀን ሲነክሰው "የእብድ ውሻ በሽታ ይይዘኝ ይሆን?" ብሎ ይጨነቃል። እሱ የአጥቢ እንስሳት በሽታ ነው፤ ከወፍ አይመጣም። ቁስሉ ከቀላ፣ ካበጠ ወይም ጥልቅ ከሆነ ግን ሐኪም ይየው። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትሽ ጊዜው አልፎ እንደሆነም በዚያው ጠይቂ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። "ድንገት" የምትለው ቃል ላይ ቆምኩ። ወፎችን ሳክም በኖርኩባቸው ዓመታት "ድንገት ነከሰኝ" ያላለኝ ሰው ጥቂት ነው። አብረን ቁጭ ብለን ወፉን ስናየው ግን ድንገት የሆነ ነገር አናገኝም። ወፉ ከመንከሱ በፊት "አይ፣ ተወኝ" ብሏል። ብዙ ጊዜ ብሏል። ያለው ግን በላባው፣ በዓይኑ፣ በእግሩ ነው። ያንን ያየለት ሰው አልነበረም።

እኔም የተማርኩት በጠባሳ ነው። ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ዓመት አንዲት እናት እንደ ኪኪ ያለ ግራጫ በቀቀን ይዘው መጡ። እጄን ዘረጋሁለት። የአንገቱ ላባ ገላው ላይ ልጥፍ አለ። የዓይኑ ብሌን ትሰፋለች፣ ትጠባለች፣ እንደገና ትሰፋለች። ትንሽ ወደ ኋላ ዘንበል አለ። ከዚያ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ምንም አይንቀሳቀስም። እኔ "ጎሽ፣ ተረጋጋልኝ" ብዬ እጄን የበለጠ አስጠጋሁ። አውራ ጣቴን ያዘው። አልተረጋጋም ነበር። በፍርሃት ደርቆ ነበር። አራት ጊዜ ነገረኝ፣ አራቱንም አልሰማሁትም።

ስለዚህ ኪኪን ከሁለት ሜትር ርቀት ሆነሽ ጥቂት ቀን ዝም ብለሽ እዪው። አትንኪው። የትልቅ ግራጫ በቀቀን ዓይን ነጣ ያለ ቢጫ ስለሆነ ብሌኑ ሲሰፋና ሲጠብ ጥሩ አድርጎ ይታያል። ይህ ብቻውን ቁጣ አይደለም፤ ሲያወራና ደስ ሲለውም ያደርገዋል። ነገር ግን ብሌኑ ቶሎ ቶሎ እየጠበበ ጅራቱን እንደ ማራገቢያ ከዘረጋ፣ የማጅራቱ ላባ ከቆመ፣ ወይም ተቃራኒው ሆኖ ላባው ሁሉ ገላው ላይ ከተለጠፈ፣ እጅሽን አታስጠጊ። ምንቃሩን ከፈት አድርጎ ወደ ፊት ካሰገገም እንደዚሁ። እግሩን እያነሳ ወደ ኋላ የሚሄድ ወፍ "ራቂልኝ" እያለሽ ነው። አንድ እግሩን ወደ ላባው ሰብስቦ፣ ፈታ ብሎ፣ ምንቃሩን ቀስ እያለ የሚያፋጭ ወፍ ደግሞ እንቅልፍ እየመጣበት ነው። ያኔም ተዪው፤ ይተኛ።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን ካወቅሽ መታገሡ ይቀላል። ውሻ ከሰው ጋር በሺህ የሚቆጠሩ ዓመታት ኖሯል። በቀቀን ግን እዚህ ኬጅ ውስጥ ቢፈለፈልም አያቶቹ ወይም ቅድመ አያቶቹ ከመካከለኛውና ከምዕራብ አፍሪካ ደን የተያዙ ናቸው። ጭልፊት የሚያድነው ወፍ ነው። ከላይ የሚመጣ እጅ ያስደነግጠዋል። ሲፈራ የመጀመሪያ ምርጫው መብረር ነው። ክንፉ የተከረከመ ከሆነ፣ ወይም ጣቱን በአውራ ጣትሽ ከያዝሽበት፣ መብረሩ ቀረ። የቀረው ምንቃር ነው።

አገራችንም የራሷ በቀቀኖች አሏት። ፊቱ ቢጫ የሆነው አረንጓዴው በቀቀን ከኢትዮጵያ ውጪ አይገኝም። አንዴ ወንዶ ገነት የሾላ ዛፍ ሥር ቁጭ ብዬ ሳያቸው አረፈድኩ። አንዱ ፍሬ ወዳለበት ቅርንጫፍ ይመጣል። የቀደመው አንገቱን ያሰግጋል፣ ምንቃሩን ይከፍታል። መጤው አንድ ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ይልና ሌላ ፍሬ ይፈልጋል። በቃ። ደም የለም፣ ላባ አይረግፍም። አንዱ "አይ" ሲል ሌላው ይሰማዋል። እኛ ቤት ግን ወፉ "አይ" ሲል እጃችን አይመለስም። ስለዚህ ወፉ በትንሹ መናገር ዋጋ እንደሌለው ይማራል። መንከስ ግን ሁልጊዜ እንደሚሠራ ይማራል፤ የተነከሰ እጅ ይሸሻላ።

አሌክስ የሚባለውን ግራጫ በቀቀን ሰምተሽ ይሆናል። አይሪን ፔፐርበርግ የተባሉት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1977 ቺካጎ ከሚገኝ የእንስሳት መሸጫ ገዝተው፣ በ2007 እስኪሞት ድረስ 30 ዓመት አብረውት ሠርተዋል። ቀለም፣ ቅርጽ፣ ቁጥር ለይቶ ይናገር ነበር። እኔን ከዚህ ሁሉ የሚደንቀኝ ሌላ ነው። አሌክስ ሥራው ሲሰለቸው "መመለስ እፈልጋለሁ" ይል ነበር፤ ወደ ኬጁ ማለቱ ነው። ኪኪም ይህንኑ ይላል። በአፉ ባይሆን በላባው።

አሁን ደብዳቤሽ ውስጥ ያየኋቸውን ነገሮች ልንገርሽ።

መጀመሪያ፣ ልጅሽ ጀርባውን ነው የምታሻሸው። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። በበቀቀን ዓለም ጀርባና ከክንፍ ሥር የሚነካው የትዳር ጓደኛ ብቻ ነው። ልጅሽ በፍቅር ታሻሸዋለች፣ ወፉ ግን ሌላ ነገር ይሰማዋል። ይነሳሳል፣ ከዚያ ይበሳጫል፣ ከዚያ ይነክሳል። እሷ ምንም አላጠፋችም፤ ይህንንም ንገሪያት። ከእንግዲህ የሚነካው ጭንቅላቱና አንገቱ ብቻ ይሁን። እሱም ራሱን ደፍቶ፣ ላባውን ፈታ አድርጎ "እከኪልኝ" ሲል ብቻ። ሦስት ሰከንድ አክካ እጇን ታንሳ። ጭንቅላቱን ወደ እጇ ካስጠጋ ትቀጥል። ካልሆነ ይብቃው።

የማርቹም ነገር ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ግራጫ በቀቀን 4 ወይም 5 ዓመት ሲሆነው ለአካለ መጠን ይደርሳል። ኪኪ ጎልማሳ ነው። ቀኑ እየረዘመ ሲሄድ የመራቢያ ሆርሞኑ ይቀሰቀሳል፤ ያኔ ጎጆና ጓደኛ ይፈልጋል፣ የራሱ ያለውንም ይጠብቃል። ማታ ሳሎን መብራትና ቴሌቪዥን አምሽቶ የሚበራ ከሆነ ደግሞ ቀኑ ለሱ ይበልጥ ረዥም ነው። በየቀኑ ከ10 እስከ 12 ሰዓት የሚቆይ፣ ጨለማና ጸጥታ ያለበት እንቅልፍ ይሰጠው። ሶፋ ሥር፣ ካርቶን ውስጥ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ እየገባ ከሆነ ዝጉበት። እነዚህ ለሱ ጎጆ ናቸው። እንቅልፉ ከተስተካከለ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ልዩነቱን ታዪዋለሽ ብዬ አምናለሁ።

ሁለተኛው የቅዳሜው ነገር ነው። ጆሮሽን ሲነክስ ንዴቱ አንቺ ላይ ላይሆን ይችላል። የሚወደው ሰው በሩን ከፍቶ ሲገባ ስሜቱ ይግላል። ሄዶ ሊደርስበት አልቻለም፣ ወይም አንቺን እንደ ተቀናቃኝ አይቷል። ያ ግለት መውጫ ሲፈልግ ቅርብ የነበረው ያንቺ ጆሮ ነው። ልጆች ሲጣሉ በመካከል የገባ ሰው እንደሚመታው ያለ ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ባለቤትሽ መኪና ሲያቆም ይደውል። እሱ ከመግባቱ በፊት ኪኪ መቆሚያ እንጨቱ ላይ ወይም ኬጁ ውስጥ ይሁን፣ የሚቦጫጭቀው ካርቶን ይሰጠው። ባለቤትሽ ገብቶ እጁን ይታጠብ፣ አንቺንና ልጁን ሰላም ይበል፣ ከዚያ ኪኪን።

ባለቤትሽን አንድ ከባድ ነገር ልለምነው። ለአንድ ሁለት ወር ያህል የሚጣፍጠውን ነገር ሁሉ አንቺና ልጅሽ ብቻ ስጡት። የሱፍ ፍሬ፣ የአልሞንድ ቁራጭ፣ ኪኪ የሚሞትለት ምንም ይሁን። እሱ ውሃ ይቀይር፣ ኬጅ ያጽዳ። ቅር ሊለው ይችላል። ነገር ግን አንድ ሰው ብቻ የሚወድ በቀቀን፣ ያ ሰው ሲታመም ወይም ሲጓዝ የሚደርስበትን አይቻለሁ። ላባውን እየነቀለ ራቁቱን የቀረ ወፍ አይቻለሁ።

ሦስተኛው "ሁላችንም ጮኽን" ያልሽው ነው። በቀቀን ጩኸት ይወዳል። በመንጋ ሲኖሩ ሁሉም አብረው ነው የሚጮኹት። እናንተ ስትጮኹ፣ ስትሯሯጡ፣ ለሱ ትልቅ ትርዒት ነው። የተነከሰ ሰው ዝም በል ማለት ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ያማል። ግን ሞክሪ። እጅሽን ከምንቃሩ አትንጠቂ፤ ብትነጥቂ የበለጠ ይቀደዳል። ዝቅ ብለሽ ቅርብ ባለ ጠረጴዛ ወይም ወንበር ላይ አስቀምጪው። ሳትናገሪ፣ ዓይኑን ሳታዪ፣ ግማሽ ደቂቃ ያህል ራቂ። ከዚያ ተመልሰሽ ቀላል ነገር ጠይቂው፣ ነገሩ በሰላም ይለቅ። ቀኑን ሙሉ ኬጅ ውስጥ መዝጋት ግን ምንም አያስተምረውም። ወፉ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ለምን እንደተቀጣ አያያይዘውም።

ምንቃሩን መታ መታ ማድረግን በተመለከተ፣ እባክሽን አታድርጊ። ይህን የሚሉሽ ሰዎች ክፉ አስበው አይደለም፤ ድሮ እንዲህ ይመከር ነበር። ምንቃር እንደ ጥፍር የደነዘዘ ነገር አይደለም። ውስጡ አጥንት፣ ደምና ነርቭ አለው። እጁም አፉም እሱ ነው። የተመታ በቀቀን የሚማረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እጅ ክፉ ነው። ውሃ መርጨትም እንደዚሁ። ጓንት ደግሞ ወፉን ያስፈራዋል፣ አንቺንም ያደነዝዝሻል። ጓንት ያደረገ ሰው የወፉን "አይ" ማዳመጥ ያቆማል፣ ምክንያቱም አያመውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ቀረብ ብለሽ እንድታዪልኝ እፈልጋለሁ። ኪኪ ወደ እጅሽ ሲወጣ መጀመሪያ ምንቃሩን ነው የሚዘረጋው አይደል? ሊነክስሽ አይደለም። እኛ የማናውቀው ድልድይ ላይ ከመውጣታችን በፊት በእግራችን ጫን ብለን እንደምንሞክረው፣ እሱም እጅሽ ይይዘኝ ይሆን ብሎ እየፈተነ ነው። ብዙ ሰው ያኔ ይደነግጥና እጁን ይስባል። ወፉ ሊወድቅ ይንገዳገዳል። በሚቀጥለው ጊዜ እንዳይወድቅ አጥብቆ ይይዛል። አንቺ "ነከሰኝ" ትያለሽ። እንዲህ ሆኖ የተጀመረ መናከስ በጣም ብዙ ነው። ምንቃሩን ሲዘረጋ እጅሽ እንደ ግንድ ይጽና።

አሁን ሥራው። አንድ የቻይና ምግብ መብያ እንጨት ውሰጂ። የሱፍ ፍሬውን ከምግብ ሳህኑ ውስጥ ለቅመሽ አውጪ፤ ከእንግዲህ የሱፍ ፍሬ የሚገኘው ከሰው እጅ ብቻ ነው። ኪኪ ኬጁ ውስጥ እያለ የእንጨቱን ጫፍ በፍርግርጉ በኩል አሳዪው። ያያል፣ ቀርቦ በምንቃሩ ይነካዋል። በነካት ቅጽበት "ጎበዝ" በዪና አንዲት ፍሬ ስጪው። ደግመሽ። እንጨቱን ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ ወደ ላይ። ሦስት ደቂቃ ይበቃል። ጠዋት አንዴ፣ ማታ አንዴ። ሳይሰለቸው አቁሚ። ይህን ልጅሽም ልትሠራው ትችላለች፣ በፍርግርጉ በኩል ስለሆነ ጣቷ አይደርስም። እሷ ገና እጇ ላይ አታውጣው።

እንጨቱን በደስታ የሚከተል ሲሆን የኬጁን በር ክፈቺና ራሱ ይውጣ። እጅሽን ወደ ውስጥ ሰደሽ አታውጪው። ያ ቤቱ ነው፤ ማን ቤቱ ገብቶ ሲጎትተው ዝም ይላል? ከዚያ እጅሽን ከሆዱ ዝቅ ብሎ፣ ትንሽ ራቅ አድርገሽ ዘርጊና ጠብቂ። እግሩን ካነሳ ይውጣ፣ ፍሬውን ይውሰድ። ወደ ኋላ ዘንበል ካለ እጅሽን መልሺ። አታኩርፊው፣ አትለማመጪው። መልሺና ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሞክሪ። ሰዎች "እንዲህ ካደረግኩለት አይታዘዘኝም" ብለው ይፈራሉ። እኔ ያየሁት ተቃራኒውን ነው። "አይ" ማለት የተፈቀደለት በቀቀን "እሺ" ማለት ይጀምራል።

ቡናውን ግን ልተወው አልችልም። ቡና ስታፈዪ ኪኪ ሌላ ክፍል፣ በር ተዘግቶ ይሁን። የወፍ ሳንባ እንደኛ አይደለም። ከሳንባው ጋር የተያያዙ የአየር ከረጢቶች አሉት፣ ስለዚህ የሚተነፍሰው አየር ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ ከኛ ይልቅ ይጎዳዋል። የሚቆላ ቡና ጭስ፣ ዕጣን፣ ከሰል፣ የሚቁላላ በርበሬ፣ ሁሉም ለሱ ከባድ ናቸው። የማያጣብቀው የቴፍሎን መጥበሻ ደግሞ ከልክ በላይ ሲግል የሚያወጣው ሽታ የሌለው ጋዝ ወፍን በደቂቃዎች ይገድላል። ቤታችሁ ካለ ከኩሽና አስወጡት። ቡናውም፣ ቸኮላቱም፣ አቮካዶውም፣ የወጡ ሽንኩርትም ለኪኪ መርዝ ነው። ልጅሽ ከሳህኗ እንዳታጎርሰው። ጀበና የያዘ ሰው ትከሻ ላይ ወፍ ካለ ደግሞ የሚቃጠለው ሁለቱም ነው።

አንድ ነገር ከዚህ ሁሉ መቅደም አለበት፤ ምርመራ። ጠባዩ ባጭር ጊዜ ውስጥ የተለወጠ ወፍ ሕመም ሊኖርበት ይችላል። በቀቀን ሕመሙን ይደብቃል፤ ዱር ውስጥ ደከም ያለው ነው የሚበላው። በተለይ እንደ ሱፍ ያለ ደረቅ ፍሬ ብቻ የሚበሉ ግራጫ በቀቀኖች ካልሲየም ያንሳቸዋል። ወፍ የሚያውቅ የእንስሳት ሐኪም ፈልጊ፣ የውሻና የድመት ሐኪም ሁሉ ወፍ አያክምም። ደሙ ይታይ። የኩሽና ሚዛን ገዝተሽ በየጠዋቱ ከምግብ በፊት ክብደቱን በግራም መዝግቢ። ከተለመደው ክብደቱ አንድ አሥረኛ ከቀነሰ ቀጠሮ አትጠብቂ። ከናንተም አንዱ ትኩሳትና ደረቅ ሳል ከያዘው ሐኪሙን "ቤታችን በቀቀን አለ" በሉት። ከበቀቀን ወደ ሰው የሚተላለፍ የሳንባ በሽታ አለ፣ በጊዜ ከታወቀ በመድኃኒት ይድናል።

እንስጠው ወይ ላልሽው፣ እኔ ብሆን አልሰጠውም። ግራጫ በቀቀን 40፣ አንዳንዱም 60 ዓመት ይኖራል። ኪኪ አንድ ቤት አጥቷል። የሚወደውን ሰው አንዴ ተነጥቋል። ቤት በቀየረ ቁጥር ሰው ማመን ይከብደዋል፣ ሰው ማመን በከበደው ቁጥር ይነክሳል፣ በነከሰ ቁጥር ይሰጣል። አረብ አገር ያላችሁ "ካስኮ" ብላችሁ የምታውቁት ይሄው ወፍ ነው። ለኬጅ ሲባል ከደን እየተያዘ ከብዙ ቦታ ጠፍቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 ጆሃንስበርግ ላይ አገሮች ተሰብስበው ከዱር የተያዘውን በዓለም ገበያ መሸጥ የከለከሉት ለዚህ ነው። እጃችን የገቡትን በአግባቡ ማኖር አለብን ብዬ አምናለሁ።

የልጅሽን ፊት መጠበቅ ካልቻላችሁ፣ ወይም በቀን ግማሽ ሰዓት እንኳ የሚሰጠው ሰው ከሌለ፣ ግን ለሌላ መስጠት ኃጢአት አይደለም። ያኔ እንደሚነክስ ሳትደብቂ፣ በቀቀን ለሚያውቅ ሰው ስጪው። ብታቆዪው ደግሞ ፈጽሞ የማይነክስ ወፍ አትጠብቂ። አልፎ አልፎ ይነክሳል። ልዩነቱ አስቀድመሽ ታውቂዋለሽ።

አንድ ደብተር ኬጁ አጠገብ አስቀምጪ። በነከሰ ቁጥር ሰዓቱን፣ ማን እንደነበር፣ ከመንከሱ በፊት በነበረው አንድ ደቂቃ ምን እንደሆነ ጻፊ። ልጅሽም ትጻፍ፤ ልጆች እኛ የማናየውን ያያሉ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የቅዳሜውን አስፍሩ። ባለቤትሽ ቁልፉን በር ላይ ሲያዞር ኪኪ ድምፅ አሰማ ወይስ ዝም አለ? ጥፍሩ ትከሻሽን ጨበጥ አድርጎት ነበር? ከወር በኋላ የጻፋችሁትን ላኪልኝ፣ አብረን እናየዋለን።